በግማሽ ፈረስ የተበላ ደርቢ

ዳንሲንግ ብሬቭ የተባለው የእሽቅድምድም ፈረስ በሕይወቱ 10 ጊዜ ተወዳድሮ 8ቱን አሸንፏል። ሰው እስከ ዛሬ የሚከራከረው ግን በስምንቱ ድሎች ላይ አይደለም። ከተሸነፈባቸው ሁለት ውድድሮች በአንዱ ላይ ነው። እሱም ጁን 4 ቀን 1986 እንግሊዝ አገር፣ ኤፕሰም ላይ የተካሄደው ደርቢ የተባለው ታላቅ የፈረስ ውድድር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተለመደው ወሬ አጭር ነው። «ፈረሱ አልተሸነፈም፤ ጋላቢው ነው ያስበላው» ይባላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የምለው። በኋላ ቪዲዮውን እየደጋገምኩ ሳይ፣ ሰዓቱን ከሌሎች ሩጫዎች ጋር ሳስተያይ ነገሩ እንደ ወሬው ቀላል አልሆን አለኝ። አሁን የማምነው ይህን ነው፦ ጋላቢው ጥፋት አለበት፣ ግን ከሚባለው ያነሰ። ፈረሱ ደግሞ በዚያ ቀን ከሚባለውም በላይ ሮጧል። ምን ዓይነት ፈረስ እንደነበር በደንብ የሚያሳየው፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፓሪስ ያገኘው ታላቅ ድል ሳይሆን ይህ ሽንፈት ነው።

ኳስ የሚያስይዝ አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ትኬቱ ከተበላ ተበላ ነው፤ ጥሩ ተሸነፈ ብሎ ነገር የለም» አለ። ለዚያ ቀን ትኬት ልክ ነው። ለቀጣዩ ትኬት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሚዛኑና ጉዞው

ፈረስ በሃንዲካፕ (ችሎታን በክብደት ነጥብ በመለካት) የሚመዝን ሰው ዋና ሥራው አብረው ሮጠው የማያውቁ ፈረሶችን ሁሉ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ሚዛኑ በፓውንድ ነው፤ የሚበልጠው ፈረስ ብዙ ፓውንድ ያገኛል። በፈረሶች መካከል የቀረው ርቀት ደግሞ በፈረስ ርዝመት ይለካል፤ አንዱ ርዝመት ወደ 2.4 ሜትር ግድም ነው። በ2,400 ሜትር ሩጫ አንድ ርዝመት ወደ 1.5 ፓውንድ ይመነዘራል። ስለዚህ በግማሽ ርዝመት የተሸነፈ ፈረስ፣ በወረቀት ላይ ካሸነፈው ፈረስ አንድ ፓውንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ያንሳል ማለት ነው።

ወረቀቱ የማይነግረን ጉዞውን ነው። ፈረሱ ከየት ተነሳ? መንገድ ተዘጋበት ወይ? መታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ዞሮ ትርፍ ሜትር ሮጠ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ዙሩ ከርሮ ነበር ወይስ ላላ? አትሌቲክስ ስናይ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በላላ 10,000 ሜትር ላይ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ከኋላ የቀረ ሯጭ አለቀለት፤ ፊት ያሉት ጉልበታቸውን ይዘው ነውና የሚሮጡት። ምሩፅ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ያስባለው ማርሹ ብቻ አይደለም። የት ቆሞ እንደሚቀይረውም ያውቅ ነበር።

የሳር ሜዳ የፈረስ ሩጫ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአፈር መም ላይ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ነው የሚከንፉት። አውሮፓ ውስጥ በሳር ላይ ግን መጀመሪያ ይጠባበቃሉ፣ ጉልበት ይቆጥባሉ፣ መጨረሻ ላይ ይፈነዳሉ። ውጤቱን ብቻ አይቶ ፈረስ መመዘን እዚህ ብዙ ያሳስታል።

ሁለቱ ፈረሶች

ዳንሲንግ ብሬቭ የሳዑዲው ልዑል የኻሊድ አብዱላህ ፈረስ ነው። አሰልጣኙ ጋይ ሃርዉድ፣ ጋላቢው ግሬቪል ስታርኪ ነበሩ። ሜይ ላይ ኒውማርኬት በተካሄደው የ1,600 ሜትር «2000 ጊኒ» ውድድር ግሪን ዴዘርትን በ3 ርዝመት አሸንፎ ነው ወደ ኤፕሰም የመጣው። ኦዱ (ካሸነፈ ለአንድ ብር የሚከፈለው) በዛሬው አጻጻፍ 3.00 ነበር፤ ቀዳሚው ግምት የእሱ ነው። አንድ ጥርጣሬ ግን ነበር። የአባቱን ዘር ያዩ ሰዎች «ይኼ ፈረስ 2,400 ሜትር ይችላል ወይ?» ይሉ ነበር።

ተፎካካሪው ሻህራስታኒ የአጋ ኻን ፈረስ ነው። ያሰለጠነው ማይክል ስታውት፣ የጋለበው ደግሞ ዋልተር ስዊንበርን ነው። ኦዱ 6.50። ቪዲዮውን ልታዩ ካሰባችሁ አንድ ምክር፦ የሁለቱም ጋላቢዎች ሸሚዝ አረንጓዴ ስለሆነ ይምታቱባችኋል። የአጋ ኻን ትከሻው ላይ ቀይ አለው። የአብዱላህ ሮዝ መታጠቂያና ሮዝ ቆብ አለው። እኔ ሮዝ ቆቡን ነው የምከተለው።

ኤፕሰም

ሜዳ ሲባል እንደ ጃንሜዳ ለጥ ያለ ነገር የሚታያችሁ ከሆነ ኤፕሰም ሌላ ነው። ፈረሶቹ ከተነሱ ጀምሮ ዳገት ይወጣሉ፤ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ። ከዚያ እየታጠፉ ቁልቁል ይንደረደራሉ። ታተናም ኮርነር የሚባለውን የግራ መታጠፊያ ሲጨርሱ ከ700 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቀጥታ ይገጥማቸዋል። እሱም ቢሆን ወደ ውስጠኛው አጥር ያዘነበለ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደገና ትንሽ ዳገት አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ሚዛኑን የሳተ ፈረስ ቶሎ አይመለስም።

በዚያን ቀን 17 ፈረሶች ተነሱ። ዙሩ ላላ። ይህን የምለው በዓይኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሻህራስታኒ የገባበት ሰዓት 2 ደቂቃ ከ37.13 ሰከንድ ነው። በዓመቱ በዚሁ ሜዳ ሬፈረንስ ፖይንት የተባለ ፈረስ ከመነሻው ጀምሮ እየመራ በ2 ደቂቃ ከ33.90 ገብቷል። የሜዳው ሁኔታ ከቀን ቀን ስለሚለያይ ሁለት ሰዓቶችን ዝም ብሎ መቀናነስ አይቻልም። ከሦስት ሰከንድ በላይ ልዩነት ግን ዙሩም እንደላላ ይጠቁማል።

አሁን ቪዲዮውን ታተናም ኮርነር ላይ አቁሙት። ስዊንበርን ከመሪዎቹ ኋላ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ከፊቱ የሚዘጋው የለም፣ ከጎኑ የሚገፋው የለም። ሮዝ ቆቡን ፈልጉ። ወደ ፊት አትፈልጉ፤ የለም። ከኋላ ካሉት ጥቂቶች መሃል ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ እንደልቡ አልተንደረደረም፣ ተናውጧል። ስታርኪ ቀጥታው ላይ ከገባ በኋላም ወዲያው አልለቀቀውም። ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ሚዛኑን አስይዞ፣ ከዚያ ነው የጠየቀው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመግለጽ ይቸግረኛል። ሌሎቹ የቆሙ እስኪመስል ድረስ አለፋቸው። ሻህራስታኒ ቀድሞ ወጥቶ ወደ መጨረሻው መስመር እየሄደ ነው፤ ዳንሲንግ ብሬቭ በሜዳው መሃል ይመጣል፣ ይመጣል፣ መስመሩ ደረሰ። ግማሽ ርዝመት። በሰከንድ ስንመነዝረው 0.07 ገደማ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ነው፤ ከዚያም ያንሳል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ከኋላ መጥቶ የሚያልፍ ፈረስ ሁሉ ጎበዝ ነው? አይደለም። ይህ ጀማሪ አስያዦችን በየዓመቱ የሚያስበላ ነገር ነው። ዙሩ ከርሮ ፊት ያሉት ሲደክሙ፣ ከኋላ የመጣው የሚከንፍ ይመስላል። እውነቱ ግን እሱ ፈጥኖ ሳይሆን እነሱ ዘግይተው ነው። የደርቢው ጉዳይ ግን ተቃራኒው ነው። ዙሩ ላልቷል፣ ፊት ያሉት ጉልበት አላቸው፣ ስለዚህ እየቀነሱ አልመጡም።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። መሪው የመጨረሻውን 700 ሜትር በሰከንድ 17 ሜትር ይሮጣል እንበል። 41 ሰከንድ ግድም ይፈጅበታል። ከኋላው 10 ርዝመት፣ ማለትም 24 ሜትር የራቀ ፈረስ ሊደርስበት ከፈለገ በዚያው 41 ሰከንድ ውስጥ 724 ሜትር መሸፈን አለበት። በሰከንድ 17.6 ሜትር ገደማ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ምርጥ የሚባሉ ፈረሶች ሙሉ ጉልበታቸውን አውጥተው በሚሮጡበት ሰዓት ከእነሱ በ3 ከመቶ በላይ መፍጠን ማለት ነው፤ ያውም ባዘነበለ ሜዳ ላይ። ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «ዘገየ» የሚል አይደለም። «ላላ ዙር፣ ከኋላ፣ ሚዛኑን ስቶ፣ ግማሽ ርዝመት። ከአሸናፊው ቢያንስ 4 ፓውንድ ይበልጣል» ነው የሚለው። አራቱ ፓውንድ የእኔ ግምት ነው፤ ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ።

ስለ ስታርኪ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይከብደኛል። እኚህ ሰው በ1978 በዚሁ ኤፕሰም በሸርሊ ሃይትስ ደርቢ አሸንፈዋል። እንዴት? ከኋላ ጠብቀው፣ መጨረሻ ላይ መጥተው፣ መስመሩ ላይ በጭንቅላት ያህል ቀድመው። ያኔ ጀግና ተባሉ። ከ8 ዓመት በኋላ ያንኑ አደረጉ፣ በግማሽ ርዝመት አነሳቸውና ስማቸው ጠፋ። ፈረሱ ርቀቱን ይችላል ወይ የሚለው ጥርጣሬ እያለ ጉልበት መቆጠባቸውም እብደት አልነበረም። ጥፋታቸው አንድ ነው፦ ዙሩ መላላቱን እያወቁ፣ ወይም ማወቅ እየነበረባቸው፣ ቦታቸውን አላስተካከሉም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ በዚያን ቀን ግን ፈረሱ ሊዋጋ መጥቶ ነበር፣ የዘገየው አድራሹ ነው።

የሚረሳው ሌላው ነገር የአሸናፊው ጉዞ ነው። ሰው የተሸናፊውን ችግር ይጽፋል፣ የአሸናፊውን ምቾት አይጽፍም። ስዊንበርን በዚያን ቀን እንከን የለሽ ጉዞ ነው ያገኘው፤ ያገኘው ብቻ ሳይሆን በብልሃቱ የፈጠረው። ሻህራስታኒ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ነገር አልነበረውም።

ገበያው ምን አለ?

በወሩ መጨረሻ፣ ጁን 28፣ ሻህራስታኒ የአየርላንድን ደርቢ በ8 ርዝመት አሸነፈ። በሚዛናችን 12 ፓውንድ። ሰው አበደ። ዳንሲንግ ብሬቭ ደግሞ በሳምንቱ ሳንዳውን ላይ «ኤክሊፕስ» የተባለውን ውድድር፣ ትሪፕቲክ የተባለችውን ፈረስ በ4 ርዝመት ቀድሞ በላ። ጁላይ 26 ሁለቱ አስኮት ላይ በ«ኪንግ ጆርጅ» ተገናኙ። ሁለቱም የ3 ዓመት ወንድ ፈረሶች ስለሆኑ የተሸከሙት ክብደት እኩል ነው። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው።

ኦዱ ሻህራስታኒ 2.10፣ ዳንሲንግ ብሬቭ 2.50 ሆነ። ገበያው የተሸነፈውን ሁለተኛ አደረገው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከደርቢው የባሰ ስህተት ነው። 8 ርዝመት ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግን ማንን ነው የቀደመው? ደክመው የተበተኑ ፈረሶችን ርቆ መጣል፣ ጉልበት ያለውን ፈረስ በግማሽ ርዝመት ከመቅደም ሊቀል ይችላል። የደርቢውን ጉዞ በጥንቃቄ ያየ ሰው 2.50ን ሲያይ እጁን ማሻሸት ነበረበት።

ኮርቻው ላይ አሁን ፓት ኤደሪ ነው። ዳንሲንግ ብሬቭ ቀድሞ ወጣ፣ ሻርዳሪ ተከታተለው፣ በ3/4 ርዝመት አሸነፈ። ሻህራስታኒ አራተኛ። ቶሎ «አላልኳችሁም!» ማለት ግን አይገባም። ሻህራስታኒ በዚያን ቀን የኤፕሰሙን ያህል አልሮጠም፤ ስለዚህ ይህ ውጤት የደርቢውን ግምቴን ይደግፋል እንጂ አያረጋግጥም።

ፓሪስ

ኦክቶበር 5፣ ሎንግሻምፕ፣ የአርክ ደ ትሪዮምፍ ሽልማት። 2,400 ሜትር፣ 15 ፈረሶች፣ የአውሮፓ ምርጦች ሁሉ። የፈረንሳዩ ደርቢ አሸናፊ ቤሪንግ አለ። ሻህራስታኒም አለ። ኤደሪ ከኋላ ጠበቀ፣ ልክ ስታርኪ ኤፕሰም ላይ እንዳደረጉት። ቀጥታው ላይ ሲገቡ ከፊቱ የፈረስ አጥር ተሠርቷል፤ ብዙዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ኤደሪ ወደ ውጭ አወጣው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው «በቃ፣ ይኼም ዘገየ» ብዬ ነበር። ከዚያ ያንኑ ማርሽ ቀየረ። ቤሪንግን በ1.5 ርዝመት ቀድሞ ገባ። ሻህራስታኒ አራተኛ። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ27.7 ሰከንድ፣ በዚያን ጊዜ የውድድሩ ክብረ ወሰን።

ብዙ ሰው ይህን ሲተርክ «ያን ሁሉ መንገድ በውጭ ዞሮ!» ይላል። ይህን ነገር በወረቀት ላይ መሥራት ደስ ይለኛል። መታጠፊያ ላይ በውጭ መሮጥ ውድ ነው። ግማሽ ክብ በሚያህል መታጠፊያ ከውስጠኛው ፈረስ በ3 ሜትር ወደ ውጭ የሮጠ ፈረስ 9.4 ሜትር ትርፍ ይሮጣል፤ ወደ 4 ርዝመት። ይህ ውድድር ያስበላል። ቀጥታ ላይ ግን ሌላ ነው። 500 ሜትር በሚያህል ቀጥታ ላይ ቀስ በቀስ 15 ሜትር ወደ ጎን የወጣ ፈረስ የሚጨምረው ርቀት ሩብ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሎንግሻምፕ ቀጥታ 533 ሜትር ነው። ኤደሪ የጠበቀው እስከዚያ ነው። በውጭ መውጣቱ ለቲቪ አስፈሪ ነበር፤ ለፈረሱ ግን በነጻ የተገኘ ክፍት መንገድ ነው።

ያ ክብረ ወሰን ደግሞ ዙሩ እንደከረረ ይነግረናል። ዙሩ ሲከር ከኋላ ለሚመጣ ይመቻል። ስለዚህ ጉዞን ከጉዞ ጋር ብቻ ካስተያየን አርኩ ከደርቢው የቀለለ ነበር። ክርር ያለ ዙር፣ ጠፍጣፋ ቀጥታ፣ ክፍት መንገድ። ኤፕሰም ላይ ከነዚህ አንዱም አልነበረውም። እዚህ ላይ የሚነሳው ጥሩ ክርክር «የአርኩ ተፎካካሪዎች ከደርቢዎቹ ይበልጡ ነበር» የሚለው ነው። እውነት ነው። መዛኞቹም ትልቁን ነጥብ የሰጡት ለዚህ ነው። እኔ የምለው ስለ ጉዞው ነው።

ሰበብ የሚያልቅበት ቦታ

ኖቬምበር 1፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አኒታ። የብሪደርስ ካፕ የሳር ውድድር። ማኒላ አንደኛ፣ ቲያትሪካል ሁለተኛ፣ ኤስትራፔድ ሦስተኛ። ዳንሲንግ ብሬቭ አራተኛ።

እዚህ ላይ ነው የጉዞ ተንታኝ የሚፈተነው። ሰበብ ሞልቷል፦ መታጠፊያው ጠባብ ነው፣ ቀጥታው አጭር ነው፣ አገሩ ሌላ ነው። ግን ይህ ፈረስ ከአፕሪል ጀምሮ ለስምንተኛ ጊዜ መሮጡ ነው። ሪከርድ ከሰበረበት ሩጫ በኋላ ገና አራት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ መሃል ላይ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ኤፕሰም ላይ መጨረሻውን እየበረረ ነበር የመጣው። እዚህ ግን ያ ማርሽ ሲጠየቅ አልመጣም። ማስታወሻዬ ላይ ለደርቢው ግማሽ ገጽ ጽፌያለሁ። ለሳንታ አኒታ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ «ደክሟል»።

በዚያ ዓመት መጨረሻ የዓለም አቀፉ መዛኞች ለዳንሲንግ ብሬቭ 141 ፓውንድ ሰጡት። ከዚያ በፊት ማንም ያላገኘው ነጥብ ነበር፤ ከ25 ዓመት በላይ ማንም አልነካውም። ፍራንክል የተባለ ፈረስ መጣና በ2012 ሁሉንም ሲያሸንፍ 140 ተሰጠው። በ2013 መጀመሪያ ላይ መዛኞቹ የድሮዎቹ ነጥቦች ከአሁኖቹ ጋር ሲተያዩ ተጋነዋል ብለው ወደ ኋላ ተመልሰው አስተካከሉ። ዳንሲንግ ብሬቭ 138 ሆነ፣ ፍራንክል አንደኛ። ዳንሲንግ ብሬቭ ጃፓን ውስጥ ከሞተ ያኔ 13 ዓመት አልፎት ነበር፤ 3 ፓውንድ ቀነሱበት። የደርቢዋን ግማሽ ርዝመት ግን የነካት የለም።